ዜሮ ኪሎባይት ሆነ የተባለው በገና

ሁዳዴ ሲገባ በብዙ ቤት በገና ከተሰቀለበት ይወርዳል። ማታ የሰፈሩ ጫጫታ ረገብ ሲል አንዲት ትንሽ መቅረጫ በርጩማ ላይ ትቀመጥና ቀይ መብራቷ ይበራል። ሁለት ሰዓት ይቀረጻል። ከዚያ ወይ የመቅረጫው ድንጋይ ያልቃል፣ ወይ መብራት ይሄዳል፣ ወይ ምንም ሳይሆን ስክሪኑ ላይ «ካርድ ኤረር» የምትል ጽሑፍ ብቅ ትላለች። ካርዱ ላፕቶፕ ውስጥ ሲገባ ፋይሉ አለ። ስሙም አለ፣ ቀኑም አለ። መጠኑ ግን 0 ኪሎባይት ነው።

ይሄኔ የሰው እጅ ወደ ሁለት ነገር ይሄዳል። አንዱ ካርዱን መልሶ መቅረጫው ውስጥ ከቶ «እስቲ ይሠራ እንደሆነ» እያለ አጭር ነገር ይቀርጽበታል። ሌላው ኮምፒውተሩ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ሲጠይቀው እሺ ይላል። የቤት ሙዚቃ በካርድ ብልሽት ጠፋ ሲባል፣ አብዛኛውን ጊዜ የጠፋው ብልሽቱ በደረሰበት ሰዓት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ባሉት አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ካርዱ አኩርፎ ነበር እንጂ በገናውን አልበላውም ነበር።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት የእድር መዝገብን ማሰብ ይበቃል። መዝገቡ ቢቃጠል አባላቱ ከየቤታቸው አይጠፉም፤ የጠፋው ማን የት እንደሚኖር የሚያሳየው ወረቀት ነው። ካርዱም እንደዚያው ነው። እስከ 32 ጊጋባይት ያለው ካርድ ፋት 32 በሚባል አሠራር ይደራጃል፤ ከ64 ጀምሮ ያለው ደግሞ በኤክስፋት። በሁለቱም ካርዱ ክላስተር ወደሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍሏል። 32 ጊጋው ካርድ ላይ አንዷ ክፍል ብዙውን ጊዜ 32 ኪሎባይት ናት። ካርዱ መጀመሪያ አካባቢ መዝገቡ አለ፦ የፋይሉ ስም፣ የመጀመሪያዋ ክፍል ቁጥር፣ መጠኑ። መቅረጫው እየቀረጸ ሳለ ድምፁን በየክፍሉ እያፈሰሰ ይሄዳል። መጠኑን መዝገቡ ላይ የሚጽፈው ግን፣ በብዙ መቅረጫዎች፣ «ስቶፕ» ሲጫን ነው። ኃይል ከዚያ በፊት ከተቋረጠ ድምፁ እየፈሰሰ የገባበት ቦታ አለ፤ መዝገቡ ግን የሚያውቀው ፋይሉ ሲከፈት የጻፈውን ዜሮ ብቻ ነው።

ካሴት እንዲህ አልነበረም። ክሩ ሲበላ የተበላው ቦታ ብቻ ይጎዳ ነበር፤ በእርሳስ አጠንጥኖ፣ የተቆረጠውን በፕላስተር ቀጥሎ መስማት ይቻል ነበር። ዲጂታሉ ሲበላሽ ሁሉም በአንዴ የጠፋ ይመስላል። መምሰሉ ነው ሰውን የሚያስደነግጠው።

አሁን ፋይሉን በቅርብ እንየው። መቅረጫዎች ድምፁን የሚያስቀምጡበት የዌቭ ፋይል በጣም የዋህ ፋይል ነው። መጀመሪያው ላይ ስለ ድምፁ መረጃ የምትይዝ 44 ባይት የሆነች ራስጌ አለችው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ድምፅ ነው፤ ምንም አልተጨመቀ፣ ምንም አልተቆለፈ። ፋይሉን እንደ ኤችኤክስዲ ባለ ባይት በባይት በሚያሳይ ፕሮግራም ብትከፍቱት መጀመሪያ 52 49 46 46 የሚሉ ቁጥሮች ታያላችሁ፤ «ሪፍ» (RIFF) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አራት ፊደላት ናቸው። ከ8ኛው ባይት ላይ 57 41 56 45 አለ፣ «ዌቭ» ማለት ነው። ከ36ኛው ላይ 64 61 74 61፣ «ዳታ»። ከ40 እስከ 43 ያሉት አራት ባይቶች ድምፁ ስንት ባይት እንደሆነ ይናገራሉ። ከ44ኛው ጀምሮ ድምፁ ራሱ ነው። ኃይል በተቋረጠበት ፋይል ላይ እነዚያ አራት ባይቶች 00 00 00 00 ናቸው። ከኋላቸው የሁለት ሰዓት በገና ተቀምጦ እነሱ «ምንም የለም» ይላሉ፤ ማጫወቻውም አምኗቸው ዝም ይላል።

አንዳንድ መቅረጫ ከራስጌው ውስጥ ቀኑንና የመሣሪያውን ስም የሚይዝ ተጨማሪ ክፍል ስለሚያስገባ ድምፁ 44 ላይ ሳይሆን ብዙ መቶ ባይት ርቆ ይጀምራል። ስለዚህ 44ን ከመሸምደድ 64 61 74 61ን መፈለግ ይሻላል፦ ከዚያች ቃል መጀመሪያ 8 ባይት ስትቆጥሩ የመጀመሪያው ድምፅ ላይ ናችሁ።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ቅደም ተከተሉ ከሁሉ ነገር ይበልጣል። መቅረጫውን አጥፍታችሁ ካርዱን አውጡት። ትልቁ ኤስዲ ካርድ ከሆነ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ታች ሳቧት። ይቺ መቆለፊያ በነገራችን ላይ ካርዱ ውስጥ ካለ ምንም ነገር ጋር አልተገናኘችም፤ ፕላስቲክ ብቻ ናት፤ አንባቢው ነው አቀማመጧን አይቶ «ተቆልፏል» የሚለው። ላልታ ስትወርድ ደህና ካርድ ተቆለፈ የሚባለውም ለዚህ ነው፤ ጎኑ ላይ ቀጭን ፕላስተር መለጠፍ ብቻ ይበቃል። ማይክሮ ኤስዲ ከሆነ መቆለፊያ የለውም፤ በአስማሚው (አዳፕተሩ) ውስጥ ገብቶ በአስማሚው መቆለፊያ ይቆለፋል።

ቀጥሎ ሌላ ካርድ ሪደር ሞክሩ። «ካርድ ኤረር» ከሚለው ጽሑፍ ጀርባ ብዙ ጊዜ ያለው የቆሸሸ ወይም የላላ መነካኪያ ነው። ኤስዲ ካርድ ጀርባው ላይ 9 ወርቃማ መነካኪያዎች አሉት፣ ማይክሮው 8። በንጹሕ አልኮል የራሰ ጥጥ ጠርጎ ደቂቃ ያህል ማድረቅ ነው፤ ምራቅ ወይም ሸሚዝ ጫፍ አይሆንም። የማይክሮ ካርድ አስማሚው ራሱ ሲያረጅ ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ብረቶች ይተኛሉ፤ በርካሽ ስለሚገኝ በአዲስ ቀይሮ ማየት አይከብድም።

ካርዱ በአዲሱ አንባቢ ከታየ ፋይል ለመክፈት አትቸኩሉ። መጀመሪያ የካርዱን ሙሉ ግልባጭ አውጡ። ግልባጭ ማለት ፋይል ኮፒ ማድረግ አይደለም፤ ካርዱን ከመጀመሪያዋ ባይት እስከ መጨረሻዋ፣ ባዶ የተባለውንም ቦታ ጨምሮ፣ በአንድ ትልቅ ፋይል ላፕቶፑ ላይ ማስቀመጥ ነው። ዊንዶውስ ላይ ዊን 32 ዲስክ ኢሜጀር ይህን ያደርጋል፤ «የተመደበውን ክፍል ብቻ አንብብ» የሚለው ምርጫ ላይ ምልክት እንዳይኖር ተጠንቀቁ። ካርዱ በየመሀሉ ማንበብ የሚያቅተው ከሆነ ግን እሱ ይቆምባችኋል፤ ያን ጊዜ ሊኑክስ ላይ ያለው ዲዲሬስኪው ነው ትክክለኛው መሣሪያ። እምቢ ያለውን ቦታ ዘሎ ደህናውን በሙሉ ያነብና መጨረሻ ላይ ወደ እምቢተኛው ይመለሳል፤ የት እንደደረሰም ስለሚመዘግብ መብራት ቢሄድ ካቆመበት ይቀጥላል። 32 ጊጋ ለሆነ ካርድ 32 ጊጋ ክፍት ቦታ ያስፈልጋል፤ በአሮጌው የዩኤስቢ 2 አንባቢ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ግልባጩ ከወጣ በኋላ ካርዱን ፖስታ ውስጥ ከታችሁ አስቀምጡት። ከዚህ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ግልባጩ ላይ ነው፤ ስህተት ቢሠራም ሌላ ግልባጭ አለ።

እዚህ ላይ ስለ ቼክዲስክ አንድ ነገር። ዊንዶውስ «ይህ ካርድ ችግር አለበት፣ ላስተካክለው?» ሲል የሚያስኬደው እሱን ነው። ቼክዲስክ የተሠራው መዝገቡን ከራሱ ጋር ለማስታረቅ እንጂ በገናን ለማዳን አይደለም። መዝገቡ ፋይሉ ዜሮ ነው ካለ እሱም ዜሮ ነው ብሎ የቀረውን ሊቆርጠው ይችላል። አንዳንዴ የተቆረጠውን አዲስ ፎልደር ውስጥ በቁጥር ስም ያስቀምጠዋል፣ የስሙን መጨረሻ ወደ ዌቭ ስትቀይሩት ይጫወታል። አንዳንዴ ግን አያስቀምጠውም። ግልባጭ ሳይወጣ «አስተካክል» ማለት ቁማር ነው።

ግልባጩ ላይ መጀመሪያ የሚሞከረው ፎቶሬክ ነው። ስሙ ፎቶ ይበል እንጂ ድምፅም ያወጣል፤ ነፃ ነው። መዝገቡን ጨርሶ አያየውም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየሄደ 52 49 46 46ን የመሰሉ ምልክቶችን ይፈልጋል፤ ሲያገኝ ከዚያ ጀምሮ ያለውን ፋይል ብሎ ያወጣል። ፋይል ዓይነት መምረጫው ውስጥ ሁሉንም አጥፍታችሁ «ሪፍ» የሚለውን ብቻ ብትተዉ በማያስፈልግ ነገር አይሞላባችሁም። ያወጣቸው ፋይሎች የድሮ ስማቸው የላቸውም፤ ቁጥር ብቻ ናቸው። ቁጥሯ ግን ዝም ብላ የተሰጠች አይደለችም፤ ፋይሉ ካርዱ ላይ የጀመረበት ቦታ ናት። ስለዚህ በቁጥር ቅደም ተከተል ስትደረድሯቸው፣ ካርዱ አዲስ ፎርማት ተደርጎ የተቀረጸበት ከሆነ፣ በተቀረጹበት ቅደም ተከተል ተደረደሩ ማለት ነው።

ፎቶሬክ በትክክል የተዘጉና በስህተት የተሰረዙ ወይም ፎርማት የተደረጉ ቅጂዎችን ጥሩ አድርጎ ይመልሳል። መቅረጫው ወይም ኮምፒውተሩ ፈጣን ፎርማት ሲያደርግ የሚያጠፋው መዝገቡን ነውና። ኃይል ተቋርጦበት መጠኑ ዜሮ በቀረው ፋይል ላይ ግን እሱም ሊሳሳት ይችላል፤ ራስጌውን ስለሚያምን። ለዚህ ነው በእጅ የሚሠራው መንገድ ያለው፣ እውነቱን ለመናገርም ከሁሉ የሚያረካው እሱ ነው።

ግልባጩን በባይት ማሳያው ክፈቱና 52 49 46 46ን ፈልጉ። ካገኛችሁት ቦታ ጀምራችሁ የምትፈልጉትን ያህል ቆርጣችሁ በአዲስ ፋይል አስቀምጡ። ስንት ልቁረጥ የሚለው በሒሳብ ይታወቃል። በ44,100 ኸርዝ (በሰከንድ 44,100 የድምፅ ናሙና ማለት ነው) እና በ16 ቢት የተቀረጸ ስቴሪዮ በሰከንድ 176,400 ባይት ይፈጃል፣ በሰዓት 635 ሜጋባይት ያህል። በ48,000 እና በ24 ቢት ከሆነ በሰከንድ 288,000 ባይት፣ በሰዓት ከ1 ጊጋባይት ትንሽ ይበልጣል። ሁለት ሰዓት ተቀርጾ እንደሆነ 2.1 ጊጋ ቁረጡ፤ ቢተርፍ መጨረሻው ላይ የሌላ ፋይል ድምፅ ወይም ጩኸት ይገባል እንጂ ጉዳት የለውም።

ከዚያ ኦዳሲቲ የሚባለውን የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ክፈቱና ፋይሉን እንደ ተራ ድምፅ ሳይሆን «ኢምፖርት» ውስጥ ባለው «ሮው ዳታ» በኩል አስገቡት። ይህ መንገድ ራስጌውን ጨርሶ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው እናንተን ነው። ስንት ቢት ነው? «ሳይንድ 16 ቢት» ወይም «ሳይንድ 24 ቢት» ትላላችሁ። የባይት ቅደም ተከተሉ «ሊትል ኢንዲያን» ነው። ቻናሉ ስቴሪዮ። መነሻው 44፣ ወይም «ዳታ» ከሚለው 8 ባይት ቀጥሎ ያለው ቁጥር። ፍጥነቱ 44100 ወይም 48000።

መልሱ ከተሳሳተ ምን እንደተሳሳተ በጆሮ ይታወቃል። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በሰማያዊ ከተሞላና ስትከፍቱት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ በረዶ የሚመስል ጩኸት ከወጣ ባይቶቹ ተዛንፈዋል። (ከመክፈታችሁ በፊት የስፒከሩን ድምፅ ቀንሱ፤ ይህ ጩኸት ድምፅ ሊደርስ የሚችለውን የመጨረሻ ከፍታ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ሔድፎን ጆሮ ላይ ካለ ያማል።) 16 ቢት ላይ እያንዳንዱ ናሙና 2 ባይት ነው፤ መነሻውን በ1 ስታዛንፉ ሁሉም ጩኸት ይሆናል፣ ሌላ 1 ስትጨምሩ ድምፁ ይመለሳል፣ ግን ግራና ቀኙ ይገለበጣል። 24 ቢት ላይ ናሙናው 3 ባይት ስለሆነ ከሦስት ሙከራ አንዱ የግድ ያስማማል። መነሻውን በአንድ በአንድ እየጨመሩ መሞከር ነው፤ በመጨረሻ ከጩኸቱ መሀል የእንዚራው (ከበገናው አውታር ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ) ንዝረት ብቅ ሲል ሌላ ምልክት አያስፈልግም። ምንም ብታዛንፉ ጩኸት ብቻ ከሆነ ደግሞ ቢቱን ነው የሳታችሁት፤ 16 ካላችሁ 24 በሉ።

ድምፁ ተሰምቶ ግን ወፍሮ በግማሽ ፍጥነት የተጎተተ ከሆነ ስቴሪዮውን ሞኖ ብላችሁታል፤ ቀጥኖ በእጥፍ ከሮጠ ተቃራኒው ነው። ከሁሉ የሚያታልለው የናሙና ፍጥነቱ ነው። በ48,000 የተቀረጸውን 44,100 ስትሉት ከግማሽ ድምፅ የሚበልጥ፣ ሙሉ ድምፅ የማይሞላ ዝቅታ ይኖረዋል። ሁሉም አውታር እኩል ስለሚወርድ ቅኝቱ አይነካም። ትዝታው ትዝታ ነው፣ ባቲው ባቲ። የክራር ተጫዋች ዛሬ በአንዱ ከፍታ ነገ በሌላው ስለሚቃኝ በጆሮ ብቻ «ይህ ልክ አይደለም» ለማለት ይከብዳል። የሚያጋልጠው የሰው ንግግር ነው።

የማይድን ነገር የለም ለማለት አይደለም። በሁለት ማይክ፣ እያንዳንዱን በየራሱ ፋይል የሚቀርጽ መቅረጫ፣ ወይም ለጥንቃቄ ብሎ ዝቅ ያለ መጠባበቂያ ቅጂ ጎን ለጎን የሚጽፍ መቅረጫ ከሆነ ነገሩ ይወሳሰባል። መቅረጫው ለአንዱ ፋይል አንድ ቁራሽ፣ ለሌላው አንድ ቁራሽ እያለ ተራ በተራ ነው የሚጽፈው። መዝገቡ ከሌለ ሁለቱ ተጠላልፈው ይወጣሉ። ቁራሿ 32 ኪሎባይት ከሆነችና ቅጂው በ48,000 በ24 ቢት ሞኖ ከሆነ፣ ሩብ ሰከንድ የማይሞላ ክራር፣ ሩብ ሰከንድ የማይሞላ ማሲንቆ፣ እንደገና ክራር ይሰማል። ተራው ግን ወጥ ስለሆነ ትንሽ ፕሮግራም መጻፍ የሚችል ሰው ካገኛችሁ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን ቁራሾች ወደ አንድ፣ ተጋማሽ ቁጥር ያላቸውን ወደ ሌላ ይለይላችኋል። መጠባበቂያ ቅጂው ከካርድ ብልሽት ያድናል ብሎ ማሰብ ግን ትልቅ ስህተት ነው፤ ያ ቅጂ የተሠራው ድምፅ ሲያልፍ እንዳይሰነጠቅ ነው፣ የሚቀመጠውም እዚያው ካርድ ላይ ነው።

እየሰረዙ እየቀረጹ የከረሙበት ካርድም እንዲሁ ያስቸግራል። አዲሱ ቅጂ በተሰረዙት አጫጭር ቅጂዎች ክፍት ቦታ ውስጥ እየተበጣጠሰ ይገባል። ለዚህ ነው ከካርድ ላይ አንድ አንድ ፋይል መሰረዝ የማይመከረው። ሁሉንም ወደ ላፕቶፕ ገልብጦ፣ መገልበጡን አረጋግጦ፣ ካርዱን በራሱ በመቅረጫው ፎርማት ማድረግ ነው። ያኔ ቀጣዩ ቅጂ ከዳር እስከ ዳር ተያይዞ ይጻፋል፤ ነገ መዝገቡ ቢጠፋ በአንድ ቁራጭ ተቆርጦ ይወጣል። ማክ ላይ ደግሞ ፋይሉን ወደ ቅርጫት መጣል ቦታ አያስለቅቅም፤ የተጣለው እዚያው ካርዱ ላይ ተደብቆ ስለሚቀመጥ መቅረጫው «ካርዱ ሞልቷል» ይላል።

እኛ አገር ብዙ ሰው የሚያለቅስበት ሌላ «ጠፋ» አለ፣ እሱ ግን ቀላል ነው፦ ሾርትከት ቫይረስ። ካርዱ ዘፈን በሚጭኑ ቤቶች ወይም ኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር ላይ ገብቶ ይወጣና ፎልደሮቹ በሙሉ ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች ይሆናሉ። ቅጂዎቹ አልተነኩም፤ ተደብቀው ነው። አንዱንም ሾርትከት ሳትጫኑ፣ ከዊንዶውስ ማሳያ ምርጫ ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ፤ «የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ» የሚለውንም ምልክት አንሱ። ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። የዌቭ ፋይሎቹን ብቻ ገልብጡ፣ ሌላውን ተዉት፣ ካርዱን ፎርማት አድርጉት።

የእውነት የማይመለሰው በአስመሳይ ካርድ ላይ የተቀረጸው ነው። ላዩ ላይ 128 ጊጋ ተጽፎ፣ ኮምፒውተሩም 128 ነው እያለ፣ ውስጡ ያለው ሚሞሪ 8 ጊጋ ብቻ የሆነ ካርድ ገበያው ላይ አለ። 8 ጊጋው እስኪሞላ ማንም አያውቅም። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ወይ ወደ ባዶ ይጣላል ወይ ከመጀመሪያው ላይ ይደረባል። መቅረጫው ስህተት የለም ይላል፣ የፋይሉ መጠን ልክ ነው፣ ሲከፈት ግን ዝምታ ወይም ጩኸት ነው። እዚህ ላይ ፎቶሬክም ኦዳሲቲም ምንም አያደርጉም፤ ያልተጻፈ ነገር አይነበብም። መከላከያው ካርዱ እንደተገዛ፣ ቀን ሳይታለፍ፣ ሙሉውን ሞልቶ መልሶ ማንበብ ነው፦ ዊንዶውስ ላይ ኤችቱቴስት በሚባል ፕሮግራም፣ ሊኑክስና ማክ ላይ በኤፍ 3። 32 ጊጋ ካርድ አንድ ሰዓት ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ቢል፣ ማሸጊያው ቢያምር፣ ፈተናው ያው ነው።

ትልቅ ካርድ መግዛትም አያስፈልግም። 32 ጊጋ ላይ በ48,000 በ24 ቢት 30 ሰዓት ስቴሪዮ ይገባል። ብዙ የእጅ መቅረጫዎች፣ ዙም ኤች 1 ኤን እና ኤች 5ን ጨምሮ፣ የሚቀበሉት እስከ 32 ነው። ፍጥነትም እንዲሁ፦ ክላስ 10 ካርድ በሰከንድ ቢያንስ 10 ሜጋባይት ይጽፋል፣ የእናንተ ስቴሪዮ 0.3 አይሞላም። ታዲያ ታስካም በሚባሉት መቅረጫዎች ላይ «ራይት ታይምአውት» የሚል ነገር ለምን ይመጣል? ካርዱ በአማካይ ፈጣን ቢሆንም ውስጡን ለማስተካከል አንዳንዴ ለአፍታ ሥራ ያቆማል። ያረጀ ወይም ርካሽ ካርድ ሲያቆም ይረዝምበታል፤ በዚያ መሀል የመቅረጫው ጊዜያዊ ማከማቻ ሞልቶ ይፈሳል። ይህ ጽሑፍ አንዴ ከመጣ ካርዱን ለዘፈን ማጫወቻ ስጡት፣ ለቅጂ አይመለስ።

ኃይሉን በተመለከተ፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ሲቀረጽም ውስጡ ሙሉ ድንጋይ ይኑር። አንዳንዱ መቅረጫ መብራት ሲሄድ ሳይቋረጥ ወደ ድንጋዩ ያልፋል፣ አንዳንዱ ይጠፋል። የእናንተው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ዋጋ የሌለው ነገር እየቀረጻችሁ ሶኬቱን ንቀሉት። ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ የምትጠቀሙ ከሆነ መቅረጫው ምርጫ ውስጥ የድንጋዩን ዓይነት ቀይሩ። ተራው አልካላይን 1.5 ቮልት ነው፣ ቻርጅ የሚደረገው 1.2። ዓይነቱ ካልተነገረው የባትሪ ምልክቱ ይዋሻል፤ ግማሽ አለ እያለ ድርግም ይላል። ፓወር ባንክም ወጥመድ አለው፦ ብዙዎቹ የሚሳበው ኃይል ትንሽ ሲሆን «ስልኩ ሞልቷል» ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ፣ መቅረጫ ደግሞ የሚስበው ትንሽ ነው።

«ስቶፕ» ከተጫነ በኋላ ፋይሉ እስኪዘጋ፣ መብራቷ ወይም ጽሑፏ እስክትጠፋ፣ ካርድም ድንጋይም አይነካ። ረጅም ቅጂ ላይ ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል። ቅጂውን መከፋፈልም ይረዳል፤ በየዜማው መሀል አቁሞ እንደገና መጀመር ቀላሉ ነው። የተዘጋ ፋይል ተዘግቷል፣ ቀጣዩ ቢበላሽ እሱን አይነካውም።

ሲገለበጥ «ካት» ሳይሆን «ኮፒ» ይደረግ። ከተገለበጠ በኋላ ከላፕቶፑ ላይ መጀመሪያውን፣ መሀሉንና መጨረሻውን ስሙ፣ ከዚያ ነው ካርዱ ፎርማት የሚደረገው። ካርድ ማከማቻ አይደለም፤ ኃይል ሳያገኝ ዓመታት መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ የያዘው ቻርጅ ቀስ በቀስ ይፈስሳል። ጎንደር ወርዶ የአያቱን ዜማ ቀርጾ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ የተመለሰ ሰው ካርዱን ለማስታወሻ ማስቀመጡ መልካም ነው፣ ቅጂውን ግን እዚያ ላይ ብቻ አይተወው። (የአየር ማረፊያው ኤክስሬይ ካርዱን አይጎዳውም፣ በዚያ አትጨነቁ።) ቴሌግራም ላይ ለራስ መላክም አንድ ተጨማሪ ቅጂ ነው፦ እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ፋይል ከተላከ ባይቱ አይለወጥም። በነፃው አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ይቀበላል። ወደ ፍላክ ከቀየራችሁት ምንም ሳይጎድል መጠኑ በብዙ ይቀንሳል።

በስልክ የሚቀርጹ ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ። ብዙ ስልኮች የሚጽፉት ኤም 4 ኤ ነው። ያ ፋይል ያለ ማውጫው አይነበብም፣ ማውጫው ደግሞ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። ባትሪ መሀል ላይ ካለቀ እንደ ዌቭ በሮው ዳታ ማስገባት አይሠራም። አንትረንክ የሚባል ፕሮግራም በዚያው ስልክ የተቀረጸ ደህና ፋይልን እንደ ናሙና አይቶ አንዳንዴ ያድነዋል። ኤምፒ 3 በዚህ በኩል ይሻላል፤ በ44,100 ላይ በየ26 ሚሊሰከንዱ የራሱ ራስጌ ስላለው ተቆርጦም ይጫወታል። ቢሆንም ስልኩ ዌቭ መቅረጽ የሚችል መተግበሪያ ከተቀበለ ዌቩ ይመረጣል።

የመጨረሻው ምንም ወጪ የለውም። ቀዩ መብራት እንደበራ፣ አውታር ከመነካቱ በፊት፣ አምስት ሰከንድ ተናገሩ፦ «መጋቢት 3፣ ማታ፣ ክራር፣ ባቲ፣ ሁለተኛ ሙከራ፣ በ48 በ24።» ፎቶሬክ ስም አይመልስም። ድንጋይ ወጥቶበት የከረመ መቅረጫም ቀኑን ረስቶ ከፋብሪካ ወደ ወጣበት ቀን ሊመለስ ይችላል። ስም የሌላቸው አርባ ፋይሎች ሲወጡ የሚለያቸው ያ ድምፅ ነው። ከግልባጩ በእጅ ቆርጣችሁ 44100 ብላችሁ ባስገባችሁትም ላይ፣ ድምፁ ትንሽ ወፍሮ፣ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ተጎትቶ «በ48» ሲል ይሰማል። 44100ን አጥፍቶ 48000 መጻፍ ነው።